ባለሙያው ሩቅ፣ ልጁ ቅርብ

ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ያላት የጎንደር ቁስቋም እናት ምክር አታጣም። ጎረቤቷ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ትላታለች። አማቷ ጠበል ይዘውት ይሄዳሉ። ቡና ላይ ደግሞ «ዓይን ወግቶት ይሆናል» የምትል አትጠፋም። አሜሪካ ያለችው እህቷ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ቪዲዮ ትልክላታለች። እንዲህ እንዲህ ሲባል ልጁ አራት ይሞላዋል። በስሙ ሲጠሩት ዞር አይልም፤ የፈለገውን ሲከለክሉት መሬት ላይ ተንፈራፍሮ ግንባሩን ከወለሉ ጋር ያጋጫል፤ ታናሽ እህቱን ይነክሳል። ያኔ የመንደሩ ምክር ይገለበጣል፦ «አንቺ ነሽ ያቀማጠልሽው፤ አርጩሜ ይዘሽ ቅጪው እንጂ!»

ይህችን እናት ከአንድ ቤት አላመጣኋትም፤ ከብዙ ቤት የተውጣጣች ናት። ጎንደር ላይ ሕፃናት ክፍል ወረፋ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ስለሚያስፈልጋት ነገር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ትልልቁ ነው፤ ማዕከል ይሠራ፣ ስፔሻሊስት ይቀጠር፣ መተግበሪያ ይበልጽግ ይባላል። ሁሉም ይደረግ፤ አልቃወምም። ነገር ግን ከሁሉም ያነሰ ወጪ ያለው፣ ከሁሉም ቀድሞ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተቀጠረ ሰዓት፣ በተራ ስልክ ደውሎ «ትናንት ምን ሆነ? ከዚያ በፊትስ ምን ነበር? አንቺስ ምን አደረግሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የሠለጠነ ሰው።

የችግሩ ስፋት የሚያከራክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 52.9 ሚሊዮኑ አንድ ዓይነት የእድገት ችግር እንደነበረባቸው፣ ከእነዚህም ከመቶ 95ቱ የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆነ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት ገምቷል። ለምን እኛ ዘንድ እንደሚበዛ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ምጥ ረዝሞ አየር አጥሮት የተወለደ ልጅ አለ። በተወለደ በሳምንቱ ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ ሳይታከም የቀረ አለ። ማጅራት ገትር ይዞት ነፍሱ የተረፈችለት፣ ጆሮው ግን ያልተረፈለት አለ። እናቱ በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን የሌለው ጨው ስትበላ የከረመችም አለ። በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተሠራው አገር አቀፍ ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከመቶ ሕፃናት 41 ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ኦቲዝምና ዳውን ሲንድረም ደግሞ ደሀና ሀብታም፣ ደጋና ቆላ ሳይሉ ይመጣሉ።

መዘግየቱ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን የሚያምሰው ግን ብዙውን ጊዜ አብሮት የሚመጣው ረብሻ ነው። ሁለቱ ለምን እንደሚቆራኙ ከአንድ ዳቦ መረዳት ይቻላል። ልጁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ዳቦ ይፈልጋል። «ስጪኝ» የሚልበት አፍ የለውም፤ በጣቱ መጠቆምም አልተማረም። እናቱ እጇ ሊጥ ውስጥ ነው። ቀሚሷን ይጎትታል፤ አታየውም። ይጮሃል፤ ጩኸቱን ለማስቆም ዳቦውን ትሰጠዋለች። በማግስቱ «ዛሬስ አልሰጥም» ብላ ትጸናለች፤ እርሱም ጩኸቱን ጨምሮ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል፤ ደንግጣ ትሰጠዋለች። አሁን ልጁ አንድ ትምህርት ተምሯል፦ መጮህ ካልሠራ ራስን መምታት ይሠራል። ማታ አባት ገብቶ ስሞታውን ሰምቶ በቀበቶ ሲሸነቁጠው ሌላ ትምህርት ይጨመራል፤ ጉልበት ያለው ይመታል። ነገ የሚመታው ከእርሱ ጉልበት ያነሰችውን እህቱን ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሦስቱም የቻሉትን አድርገዋል፤ ሦስቱም እርስ በርስ ሳያውቁት ተማምረዋል።

ለወላጆች የሚሰጠው የአስተዳደግ ሥልጠና ይህን መማማር አቅጣጫውን ማስቀየር ነው። ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ደቂቃ መያዝ፤ እጁን ይዞ ወደ ዳቦው ማስጠቆም፤ ሲጠቁም ወዲያው መስጠትና «ጎበዝ፣ ዳቦ!» ማለት፤ ትእዛዝ ሲሰጥ አጭርና አንድ ብቻ ማድረግ፤ ጉዳት የሌለውን ነጭናጫነት እንዳላዩ ማለፍ፤ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ እየተከተሉ አብሮ መጫወት። ሲሰሙት ቀላል ነው፤ የደከመች እናት በስምንተኛው ቀን ስትሠራው ግን አይቀልም። ስለዚህ ነው አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያበቃ ምክር ከንቱ የሚሆነው።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። የራሷን ልጅ ይዛ መሄጃ ያጣችው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ኦቲዝም የሚለው ቃል ራሱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በየመድረኩ የደከመችበት ሥራ ብዙ ቤቶች ልጃቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ አድርጓል። ነህምያን የመሰሉ ሌሎች ማዕከላትም ተከትለዋል። ሆኖም ማዕከሎቹ፣ የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮቹም ጭምር፣ በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ቀሩ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዘመን እንኳ ለአንድ ሰዓት ምርመራ ይህን ያህል የሚጓዝ ቤተሰብ ዘመድና ገንዘብ ያለው ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ የሚመላለስ ደግሞ ጭራሽ አይኖርም።

አዲስ አበባም ቢሆን ደርሶ መታከም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በከተማዋ ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያስከታተሉ 102 አሳዳጊዎችን አነጋግሮ ነበር። ከመቶ 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከመቶ 27 የሚጠጉት ለመደበቅ እንደሚሞክሩ አምነዋል። ስለ መንስኤው ሲጠየቁ ከመቶ 40 የመንፈስ ነገር ነው አሉ፤ ከመቶ 28 ገደማ ኃጢአትን ጠቀሱ። ከእነዚሁ አሳዳጊዎች አንዳንዶቹ የጭንቅላት ጉዳትንና የወሊድ ችግርንም እንደ ምክንያት አንስተዋል። ይህ የሚያስደንቀው ከውጭ ለሚያይ ነው። እኛ አገር ሰው በአንድ ቀን ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ክሊኒክ ይሄዳል፤ ሁለቱ አይጋጩበትም። እኔም ከጠበሉ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ «በጠበሉ ይሻለዋል» እየተባለ ከሚያልፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ጋር ነው። ልጅ ቋንቋ በፍጥነት የሚይዝበት ዕድሜ እነዚያ ናቸው። አንድ አስተዋይ የንስሐ አባት «ጠበሉን ጠጡ፣ ሐኪሙንም ስሙ» ቢል ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነት ቤተሰብ ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ለሆኑ፣ የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች የታሰበ ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝት አለው። የሚሰጠው የግድ በስፔሻሊስት መሆን የለበትም፤ ሠልጥኖ ክትትል የሚደረግለት ሰው ይበቃል። ኢትዮጵያ ይህን ሥልጠና ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት፤ በአማርኛ ተሰናድቶ አዲስ አበባና ገጠር ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል። ከዚያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከኬንያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሰፋ አድርገው ይዘውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድርጅቱ በኢንተርኔት የሚወሰድ ቅጂ አወጣ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ማንበብ የማትችል፣ ስልኳ ተራ የሆነ የጃናሞራ እናት ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮርስ ምን ያደርግላታል?

የሩቅ ድጋፍ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እየጠራ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ አንድ የማያሚ ሙከራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ እድገታቸው የዘገየና የባሕርይ ችግር ያለባቸው 150 ልጆች ቤተሰቦችን ይዞ ነበር። አብዛኞቹ ወላጆች በአሜሪካ ከአናሳ ማኅበረሰቦች የመጡ ናቸው። እናት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ከልጇ ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች፤ ባለሙያዋ በቪዲዮ እያየች በጆሮዋ ትነግራታለች፤ «አሁን ብሎኩን አቀበለሽ፣ አመስግኚው… አሁን ጮኸ፣ ፊትሽን አዙሪ።» በየሳምንቱ ለ20 ሳምንት። የልጆቹ ረብሻ ሌላ ዓይነት እርዳታ ካገኙት ይበልጥ ቀነሰ፤ ውጤቱም ሥልጠናው ካበቃ ከዓመት በኋላ ታየ።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የፊንላንዱ ነው። ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው ይህ ሥራ መዘግየት ላይ ሳይሆን በአራት ዓመት ሕፃናት ረብሻ ላይ ያተኮረ ነበር። ልጆቹ የተገኙት ማንም አራት ዓመት የሞላው ልጅ ለመደበኛ ምርመራ በሚመጣበት ጤና ጣቢያ ወላጅ በሚሞላው ቅጽ ነው። 464 ቤተሰብ ተሳተፈ፤ 11 ሳምንት ወሰደ። በድረ ገጽ የሚነበብና የሚታይ ነገር ቢኖርም ሥራውን የተሸከመው በየሳምንቱ የሚደወለው ስልክ ነበር። ደዋይዋና እናቲቱ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ልዩነቱ ግን ከሁለት ዓመት በኋላም አልጠፋም። ከዚህ ጎንደር የሚወስደው ሁለት ነገር ነው፦ ልጁን የሚያገኝ መደበኛ መንገድ፣ እናቲቱን የሚያገኝ የሰው ድምፅ። ቀሪው ጌጥ ነው።

ጌጡ እኛ ዘንድ እንደማይጸና ደግሞ አይተናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዋይፋይ የሚገለገል ተቋም ካልሆነ በቀር ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም ዝም አለ። በዚያ ዘመን በቪዲዮ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ጎንደር ላይ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ እናቶቹ መሀል መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን በብዙ ቦታ ይሠራ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ከደባርቅ ጎንደር ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ እንኳ የማይታለፍ ሆኖ ሰው የሰነበተበትን ጊዜ ለሰሜን ጎንደር አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። የሩቅ ድጋፍ ሌላ አገር ምቾት ሊሆን ይችላል፤ በበየዳና በጠለምት ያለው ምርጫ ግን በስልክ ማግኘት ወይም ጭራሽ አለማግኘት ነው።

ስልኩም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ገጠር ቤት ስልኩ የአባት ነው፤ ሲወጣ ይዞት ይወጣል። ባትሪው ገበያ ተወስዶ የሚሞላበት ቀበሌ አለ። ከቤቱ ኔትወርክ ጠፍቶ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ የሚገኝበት አለ። ከተማ ውስጥ ያለችውም ብትሆን አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ሆነው ስለሚኖሩ ግድግዳው ጆሮ አለው፤ ስለ ልጇ በነፃነት ለማውራት ውኃ ልቅዳ ብላ መውጣት ይኖርባታል። ስለዚህ የጥሪው ሰዓት በእናቲቱ ቀን ይወሰን እንጂ በቢሮ ሰዓት አይሁን። ቅዳሜ ከገበያ መልስ፣ ወይም ማታ አባት ቤት ሲገባ። አባት ቤት ባለበት ሰዓት መደወል ሌላም ጥቅም አለው፤ በቀበቶ የሚያፈርሰውን እናት በጨዋታ አትገነባውምና እርሱም መስማት አለበት። ስልኩ የእርሱ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ጥሪው ምን እንደሚመስል ላሳይ። አራተኛ ሳምንት ነው እንበል።

«ሲስተር፣ ዛሬስ ተስፋ ቆረጥኩ። ረከቦቱን እንዳለ ገለበጠው። አራት ስኒ ተሰበረ።»

«አይዞሽ እህቴ። እርሱ ተቃጠለ?»

«እግዜር ጠበቀው። ጀበናው ምድጃው ላይ ነበር።»

«ተመስገን። ከመገልበጡ በፊት የት ነበር?»

«ከጎኔ። ሰዎች ነበሩ፣ ቡናው በረካ ላይ ደርሶ እየተጫወትን።»

«ነክቶሽ ነበር?»

ትንሽ ዝም ትላለች። «ቀሚሴን ሁለት ሦስቴ ጎትቶኛል። ቆይ ብየዋለሁ።»

«ሳይገለብጠው በፊት አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«ሲገለብጠውስ?»

«ሁላችንም አየነው።» ሳቋ ይመጣል፤ ነገሩ ራሷ ገብቷታል።

ደዋይዋ «አጥፍተሻል» አላለችም። የሳምንቱ ሥራ የሚወጣው ከዚህ ወሬ ነው። ቡናው ሊቆላ ሲል አምስት ደቂቃ ከእርሱ ጋር በፕላስቲክ ስኒ መጫወት። ከዚያ ቡናው ሲቀርብ የፈንዲሻውን ሳህን እርሱ ለእንግዶቹ እንዲያዞር ማድረግ፤ አንድ ሰው ጋ ባደረሰ ቁጥር ስሙን ጠርቶ ማመስገን። ቀሚሷን ሲጎትት ደግሞ ፊቷን ወደ እርሱ መልሳ «ምን ፈለግህ? አሳየኝ» ማለት። በሚቀጥለው ሳምንት ደዋይዋ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ለስንት ሰው አደረሰ? ስንቴ ጎተተሽ? ማንም ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ረከቦትን አያስብም። የሩቅ ድጋፍ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ችግሩ የሚፈጠርበት ቤት ውስጥ፣ ከተፈጠረ በሰዓታት ውስጥ ይገባል። ሌላም ነገር ይመጣል። ፈንዲሻ ያዞረ ልጅ ጎረቤት አይቶታል ማለት ነው፤ ከጓዳ ወጥቷል።

ማን ይደውል? ጎንደር ለዚህ ከብዙ ከተሞች ይልቅ የታደለች ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ከመነሻው የጤና መኮንኖችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር የላከ ተቋም ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራሙ አካል ጉዳተኛ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች በእግር ያንኳኳ ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም የተከፈተው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር እዚሁ ነው። ተማሪዎቹ በሙያቸው ውስጥ የሚማሩት ልጅ እንዴት እንደሚበላ፣ እንደሚለብስ፣ እንደሚጫወት ነው። የተግባር ልምምዳቸው አንድ ክፍል በስልክ ቤተሰብ መከታተል ቢሆን፣ መምህራኖቻቸው ደግሞ ጥሪውን በየጊዜው እየሰሙ ቢያርሟቸው፣ አዲስ ሕንፃ ሳያስፈልግ ሥራ ይጀመራል።

ቁስቋም ላይ ይህን ስጽፍ ጄምስ ብሩስ ትዝ ይለኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ የእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ልጆች በፈንጣጣ ተይዘው ስለነበር እንዲያክማቸው ተጠራ። እርሱ ራሱ እንደጻፈው ካዘዛቸው ነገሮች አንዱ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ አየር እንዲገባ ነበር። መጽሐፉ የሚተርከው የሐኪሙን ብልሃት ነው፤ ከልጆቹ ጎን ሆነው ትእዛዙን የፈጸሙት ሴቶች ግን ብዙ አልተጻፈላቸውም። ዛሬም ቢሆን የሩቅ ድጋፍ ሲወራ ስለ ቴክኖሎጂው ብቻ ሲነገር እነዚያ ያልተጻፈላቸው ሴቶች ይታዩኛል።

ከዩኒቨርሲቲው ቀጥሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ በገጠር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ እየተባለ በመላ አገሪቱ ተዘርግቷል። «ኤክስቴንሽኗ» እየተባለች በየቤቱ የምትታወቀው ይህች ሴት ልጁ መቼ እንደተወለደ፣ ምጡ ስንት ሰዓት እንደቆየ ታውቃለች። በየሳምንቱ እንድትደውል መጠየቅ ግን ግፍ ነው። ክትባቱም፣ የቤተሰብ ምጣኔውም፣ ወባውም፣ ሪፖርቱም የእርሷ ነው። እርሷን የምፈልጋት ልጁን ለማግኘት ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ እድገት ችግሮች የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ካልሠለጠኑት ጋር ያነጻጸረ የኢትዮጵያ ጥናት አለ። የሠለጠኑት ስለ ኦቲዝም ያላቸው የተሳሳተ እምነት ቀንሷል፤ ልጆቹንም ከመሸሽ ታቅበዋል። ነገር ግን የበለጠ ሥልጠና ያገኙት ልጆቹ ወደፊት ምን ይሆናሉ ተብለው ሲጠየቁ ተስፋቸው ካልሠለጠኑት አንሶ ተገኘ። ለእኔ ይህ ብዙ ይናገራል። የበሽታውን ስም አውቆ፣ ቀጥሎ የት እንደሚልክና ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ኤክስቴንሽኗ «ይህን ቁጥር ስጫቸው፣ በሳምንቱ ይደወልላቸዋል» የሚባል ነገር በእጇ ቢኖር ኖሮ መልሷ ሌላ በሆነ ነበር።

ልጁን ለማግኘትም አዲስ ዘመቻ አያስፈልግም። የኩፍኝ ክትባት ሁለተኛው ዙር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15ኛው ወር ይሰጣል። በዚያ ዕድሜ ልጁ ተደግፎም ቢሆን ሊቆም፣ ሲጠሩት ሊዞር፣ የፈለገውን በጣቱ ሊያሳይ ይገባል። ክትባቱን የምትወጋው እጅ እያዘጋጀች እናቲቱን ሦስት ጥያቄ ብትጠይቅ ደቂቃ አይፈጅም፦ በስሙ ስትጠሪው ዞር ይላል? የፈለገውን ይጠቁምሻል? ተደግፎም ቢሆን ይቆማል? አንዱን «አይ» ካለች ስልኳ ተመዝግቦ ይደወልላታል። ያን ጊዜ ልጁ ገና አልነከሰም፤ ቀበቶውም አልወጣም። አራት ዓመት ሞልቶት ቤቱ ከታመሰ በኋላ ከመጀመር ጋር ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ስልክ የማይሠራው ነገር እንዳለ መካድ አይገባም። በስሙ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ኦቲዝም ይኖርበት፣ ጆሮው አይስማ፣ በስልክ አይለይም፤ ሌላ ከመደረጉ በፊት የመስማት ምርመራ ይቅደም። ዓይኑን እያፈጠጠ ለአፍታ ፍዝዝ የሚል ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪም ይየው፣ በሽታው ከተገኘበትም መድኃኒት ይጀመርለት። የተማረውን ቃል የተወ፣ ይሄድ የነበረው መሄድ ያቆመ ልጅ ለነገ የሚባል አይደለም። እናትየው ራሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ «እኔም እርሱም ብንገላገል» ማለት ከጀመረች ደግሞ ጥሪው ስለ ልጁ መሆኑ ቀርቶ ስለ እርሷ ይሁን። ደዋይዋ እነዚህን ምልክቶች ስትሰማ ለማን እንደምታስተላልፍ ቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የሩቅ ድጋፍ የሩቅ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ለማሳመር ብዬ አልናገርም። በእርዳታ ድርጅት ገንዘብ የተጀመረ ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ቆይቶ ሲዘጋ አይተናል፤ ሠልጣኞቹ ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ሌላ ፕሮጀክት ይፈልጋሉ፤ እናቲቱ ስልኩን ስትጠብቅ ትቀራለች። ደሀ እናት ካርድ ሞልታ እንድትደውል መጠበቅም አይሆንም፤ ሚስኮል አድርጋ የምትጠብቅ ናትና መደወል ያለበት ተቋሙ ነው። በኮሮና ጊዜ 8335ን በነፃ መደወል እንደሚቻል ሕፃን ሽማግሌው ያውቅ ነበር። ያ ቁጥር በሳምንታት ውስጥ በየቤቱ የገባው መንግሥትና ቴሌ ስለፈለጉት ነው። አዲስ አበባም በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሠማርታለች። ዋና ከተማዋ በእግር ያደረገችውን ጎንደር በስልክ የማታደርግበት ምክንያት አይታየኝም። ደመወዙ ግን ከክልሉ ጤና ቢሮ በጀት ይውጣ እንጂ ከፈረንጅ ኪስ አይጠበቅ።

የመጨረሻው ጉዳይ ስልኩ ሲያበቃ የሚመጣው ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው 102 አሳዳጊዎች የጎደላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከሁሉ በላይ የተነሳው፣ ከመቶ 75 በሚጠጉት፣ ሕክምና ሳይሆን ትምህርት ነው። ልጁን የሚቀበል ትምህርት ቤት ነው የፈለጉት። የቁስቋሙ ልጅ ፈንዲሻ ማዞር ተምሮ፣ መጠቆም ተምሮ፣ አሥር ቃል ይዞ ስድስት ዓመት ሲሞላው ኦ ክፍል ይገባል። መምህርቷ ክፍሏ ሞልቶ ተጨናንቋል፤ ልጁ በሁለተኛው ቀን የጓደኛውን ጠመኔ ነጥቆ ይሮጣል፤ በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ተጠርታ «ለጊዜው ቤት ይቆይ» ትባላለች። ለስድስት ወር እናቱን በስልክ ስታስተምር የቆየችው ደዋይ ያኔ ለመምህርቷም መደወል ትችላለች፤ ልጁን ታውቀዋለች፤ ከመንጠቁ በፊት ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ሥራ ሲሰጡት እንደሚረጋጋ ከማንም ይልቅ የተመዘገበው እርሷ ዘንድ ነው። ይህን ለማድረግ ጤና ቢሮና ትምህርት ቢሮ አንድ ደብዳቤ መጻጻፍ ይኖርባቸዋል፤ የመምህርቷ ስልክ ቁጥርም እናቲቱ ልጇን ስታስመዘግብ ቅጹ ላይ ይጻፍ።